የማቻኮስ ምድርና የከብት በረት

ከናይሮቢ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ማቻኮስ የሚባል ሰፊ አገር ይገኛል። የካምባ ሕዝብ አገር ነው። ኮረብታው ወይና ደጋ ሲሆን፣ ከኮረብታው ግርጌ ጀምሮ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ የሚዘረጋው ምድር ሣርና ግራር የተቀላቀለበት፣ የመልክዐ ምድር መጻሕፍት ሳቫና የሚሉት ቆላ ነው። ዝናሙ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይመጣል። መጠኑ በአብዛኛው ስፍራ በዓመት ከ500 እስከ 1,000 ሚሊሜትር ቢደርስም፣ ከሁለቱ ዝናሞች አንዱ የሚጓደልበት ዓመት ብዙ ነው።

በ1937 (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው) የኬንያ ቅኝ ግዛት የአፈር ጥበቃ ሹም የነበረው ኮሊን ማኸር ይህን አገር ዞሮ ከተመለከተ በኋላ ለመንግሥቱ ሪፖርት አቀረበ። በሪፖርቱም ምድሩ ወደ ምድረ በዳነት፣ ሕዝቡም ተስፋ ወደሌለው ድህነት እየወረዱ መሆናቸውን ገለጸ። በዚያው ዓመት ፎቶግራፍ የተነሡ ኮረብታዎች ነበሩ፤ ሥዕሉ የሚያሳየው ሣሩ ያለቀ ዳገት፣ በጎርፍ የተቦረቦረ ሜዳና እዚህም እዚያም የቀረ ቍጥቋጦ ነው። ከኀምሳ ዓመት በኋላ ሌሎች ሰዎች እነዚያኑ ስፍራዎች ፈልገው፣ በዚያው አቅጣጫ ቆመው እንደ ገና ፎቶግራፍ አነሡ። በሁለተኛው ሥዕል ዳገቱ ከላይ እስከ ታች በእርከን ተሸልሟል፤ በየማሳው ዳር ዛፍ ቆሟል፤ ቤቱ በዝቷል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ 240,000 ያህል የነበረው የአውራጃው ሕዝብ በ1989 ወደ 1.4 ሚሊዮን ደርሶ ነበርና፣ ምድሩ የዳነው ሰው ስለ ተቀነሰለት ነው ሊባል አይችልም። በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ምን ነገር እንደ ተደረገ ለመረዳት፣ አስቀድሞ ፎቶግራፍ የማያሳየውን ነገር፣ ይኸውም በአፈሩ ውስጥ ያለውን ብስባሽ ማወቅ ያስፈልጋል።

አፈር የደቀቀ ድንጋይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እህል ባላበቀለም ነበር። ቅጠሉ፣ ሥሩ፣ እበቱ፣ የሞተው ትልና ምስጥ ሁሉ በዐይን በማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ፍጥረታት ከተፈጨ በኋላ የሚቀረው ጠቆር ያለ ነገር ብስባሽ ይባላል፤ ከክብደቱም ግማሽ የሚበልጠው ካርቦን ነው። ይህ ካርቦን ተክል ከአየር የወሰደው ነው፤ ስለዚህ አንድ ማሳ ብዙ ብስባሽ አለው ማለት፣ ከአየር የተወሰደ ብዙ ካርቦን በምድር ውስጥ ተከማችቶለታል ማለት ነው። ብስባሽ የአፈሩን ድቃቂ አያይዞ ያጐለብታል፤ ውሃ ይይዛል፤ ናይትሮጅንንና ፎስፎረስን በጥቂት በጥቂቱ ለሰብሉ ያቀብላል። ብስባሹ ሲያልቅ የዝናም ጠብታ የምድሩን ፊት ይመታዋል፤ ፊቱም እንደ ምጣድ ላይ ቂጣ ይጋገራል፤ ውሃው ወደ ውስጥ መግባቱ ይቀርና በላዩ ላይ ይነጕዳል። ባላገሩ መሬቱ ዝናም አልጠገበም ሲል፣ ብዙ ጊዜ የጐደለው የሰማዩ ዝናም ሳይሆን የምድሩ መጠጫ ነው።

በደጋ አገር ብርዱ መበስበሱን ስለሚያዘገይ ብስባሹ ይጠራቀማል። በሳቫና ግን ሙቀቱ ያፈጥነዋል፤ በበጋ እሳት ሣሩን ይበላዋል፤ ምስጥም የተረፈውን ይሰበስባል። በሳቫና ምድር ካርቦኑን የሚያገባው ከሁሉ ይልቅ ከመሬት በታች የሚቀረው የሣር ሥር ነው። ምድሩ ተመንጥሮ፣ በሣሩ ፈንታ በቆሎ ሲዘራና ገለባው ሁሉ ለከብት ሲሰጥ፣ ገቢው ይቀንሳል፤ ወጪው ግን በማረሻው ምክንያት ይጨምራል። እንዲህ ያለ ምድር በታረሰ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ካርቦኑ ከሲሶ እስከ ግማሽ ድረስ ሊጐድል ይችላል። የማቻኮስ ቀይና አሸዋማ አፈር ከመጀመሪያውም ብዙ ስላልነበረው፣ በብዙ ማሳ ላይ ካርቦኑ ከአፈሩ ክብደት ከመቶ አንድ እጅ ያንሳል። የአንድ ሄክታር መሬት የላይኛው 20 ሴንቲሜትር ከሁለት ሚሊዮን ኪሎግራም በላይ ይመዝናልና፣ ከመቶ አንድ እጅ ማለት ከ20 ቶን የሚበልጥ ካርቦን ነው። ግማሹ ሲሄድ ዐሥር ቶን ከአንድ ሄክታር ሄደ ማለት ነው፤ ነገር ግን እንደ ቦረቦር ለዐይን አይታይም።

በምሥራቅ አፍሪካ ይህ ነገር በሳይንስ የተመረመረው በዚያው ዘመን ነው። በታንጋኒካ በአማኒ የምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ጄፍሪ ሚልን በ1935 ከኮረብታ ራስ እስከ ሸለቆ ድረስ ያለው አፈር እንደ ሰንሰለት ቀለበት አንዱ ከአንዱ የተያያዘ መሆኑን አስረዳ፤ የላይኛው ሲሸረሸር የታችኛው ይቀበላል ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ በናይሮቢ አጠገብ በሙጉጋ የነበረው በርች ከባልደረባው ከፍሬንድ ጋር በ1956 የምሥራቅ አፍሪካን አፈር ብስባሽ መርምሮ፣ ምድሩ ከፍ ባለና ዝናሙ በበዛ መጠን ብስባሹም እንደሚበዛ አሳየ። በ1958 ደግሞ ይኸው በርች ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ነገር ጻፈ። በበጋ የደረቀ አፈር የመጀመሪያው ዝናም ሲነካው፣ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ፍጥረታት በአንድ ጊዜ ይነሡና ብስባሹን በኃይል ይፈጩታል፤ ከአፈሩ የሚወጣው የካርቦን አየር ይበዛል፤ ለተክል የሚሆነውም ናይትሮጅን በዚያው ሰሞን ይፈታል። ከዝናሙ በፊት በደረቅ መሬት ላይ የዘራ ገበሬ ዘግይቶ ከዘራው የተሻለ አዝመራ የሚያገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ይህን ባላገሩ ሳይማር ያውቀው ነበር። በርች የጨመረው ነገር ቢኖር ዋጋውን መንገሩ ነው፤ ምድሩ በደረቀና በረጠበ ቍጥር ከተከማቸው ብስባሽ ጥቂት ይቃጠላልና፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ክረምትና በጋ የሚፈራረቁበት እንደ ማቻኮስ ያለ አገር ካርቦኑን ሁለት ጊዜ ያወጣል።

የካምባ አባቶች ለዚህ የነበራቸው መድኀኒት ምድርን ማሳረፍ ነበር። አንዱን ማሳ ጥቂት ዓመት ያርሱታል፤ ሲደክም ይተዉትና ሣርና ቍጥቋጦ ይወርሰዋል፤ ሥሩም የጐደለውን ቀስ በቀስ ይመልሳል። ከብቱ በቆላው ሜዳ ላይ ይሰማራል፤ ሌሊት በእሾኽ አጥር በታጠረ በረት ውስጥ ያድራል። ይህ ሥርዓት የሚሠራው ግን ቦታ ሲኖር ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ከመጣ በኋላ የካምባ አገር በወሰን ተከለለ፤ ከአጠገቡ ያለው መልካም ምድር፣ ለምሳሌ የሙዋ ኮረብታዎች፣ ለኤውሮፓውያን ሰፋሪዎች ተሰጠ፤ ቀድሞ ከብት ይሰማራበት የነበረው የያታ አምባም የመንግሥት መሬት ተባለ። ሰውና ከብት በክልሉ ውስጥ ሲበዙ፣ የሚያርፍ መሬት ጠፋ። በ1928 እና በ1929፣ እንደ ገናም በ1930ዎቹ መጀመሪያ ድርቅ ሆነ፤ አንበጣም መጣ። ማኸር በ1937 ያየው እንግዲህ የዚህ ሁሉ ድምር ነው። ያየው ነገር ሐሰት አልነበረም፤ ጥፋቱ በርግጥ ነበረ። ምክንያቱን ሲናገር ግን ወሰኑን ትቶ በሰዎቹና በከብቶቻቸው ላይ አበዛ። በዚያው ዘመን በአሜሪካ ሜዳዎች ላይ የተነሣው የአቧራ ማዕበል በዓለም ሁሉ ስለ ተሰማ፣ በቅኝ ግዛቶች ያሉ ሹማምንት ሁሉ የአፈር መሸርሸርን እንደ ጠላት ጦር ይፈሩት ነበር።

ስለዚህም በ1938 ከብቱ በግድ እንዲቀነስ ታዘዘ። በአቲ ሪቨር የሊቢግ ኩባንያ የሥጋ ፋብሪካ ተቋቁሞ ስለ ነበር፣ ከየሰዉ የተወሰደው ከብት በርካሽ ዋጋ የሚሸጥበት ቦታ ተዘጋጅቶለታል። ካምባዎች አቤቱታ ጻፉ፤ ማኅበርም አቋቋሙ፤ መሪያቸው ሳሙኤል ሙይንዲ ምቢንጉ ነበር። አቤቱታቸው ሰሚ ባጣ ጊዜ፣ በሐምሌ ወር ከሺህ የሚበልጡ ወንዶች፣ ሴቶችና ልጆች ተነሥተው በእግራቸው ወደ ናይሮቢ ሄዱና አገረ ገዥው ካላነጋገረን አንመለስም ብለው በከተማው ውስጥ ሰፈሩ። ሳምንታት ቆዩ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ሰር ሮበርት ብሩክ ፖፐም ወደ ማቻኮስ ወርዶ ሊያነጋግራቸው ግድ ሆነበት። ካምባዎች በእንግሊዝ የአፍሪካ ጦርና በፖሊስ ውስጥ እጅግ ብዙዎች ነበሩና፣ የነርሱ ማኵረፍ በለንደንም ያሳስብ ነበር። (ከሦስት ዓመት በኋላ ከኬንያ ተነሥቶ በሶማልያ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የገባውና ፋሺስቶችን የወጋው ጦር ካምባ ወታደሮችም የነበሩበት ነው።) ከብትን በግድ መሸጡ በዚያው ዓመት ቀረ፤ ሙይንዲ ምቢንጉ ግን ተይዞ ወደ ላሙ ደሴት ተጋዘ።

በዚህ ክርክር ውስጥ ሁለቱም ወገኖች ከብትን እንደ ሀብት ወይም እንደ አፍ ብቻ ቈጥረውት ነበር። ለሹሙ ከብት ሣር የሚጨርስ አፍ ነው፤ ለባለቤቱ ደግሞ የልጁ ጥሎሽ፣ የድርቅ ዘመን ስንቅ፣ የክብሩ ምልክት ነው። በየበረቱ ውስጥ ዓመት ከዓመት ሲከመር የኖረውን ፍግ ማንም በሒሳቡ ውስጥ አላገባውም። በ1930ዎቹ ፍግን ወደ ማሳ ማውጣት በማቻኮስ ገና እምብዛም አልተለመደም ነበር፤ መሬት በሚያርፍበት ዘመን አላስፈለገምና። ይህ ሲታሰብ ያስደንቃል። በሜዳው ላይ ተበትኖ የነበረው የሣር ካርቦንና ናይትሮጅን በከብቱ ሆድ አልፎ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ተቀምጧል፤ ከበረቱ አጥር እስከ ደከመው ማሳ ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ እርምጃ አይበልጥም። መንግሥት ግን ማሳውን ለማዳን ከብቱን ወደ ፋብሪካ ሰደደ። ሜዳው ከሚችለው በላይ ከብት እንደ ነበረበት አይካድም፤ ቢሆንም መፍትሔው ማሳውን ሊያድን ይችል የነበረውን ነገር አብሮ የሚያጠፋ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራው በሌላ መንገድ ቀጠለ። ከ1946 ጀምሮ መንግሥት ለአፍሪካውያን መሬት ልማት ብዙ ገንዘብ መደበ፤ ማቻኮስም ከፍ ያለ ድርሻ ደረሰው። ሕዝቡ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት በግድ እየወጣ እርከን እንዲሠራ ተደረገ። ቦዩ እየተቈፈረ አፈሩ ወደ ታች ይጣል ነበር፤ የተሠራው መደብም ጠባብ ስለ ነበር በመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናም ይሰበራል። የሰበረውን ዝናም እንጂ የሠራውን ሰው ማንም አይጠይቅምና፣ የግዳጅ ሠራተኛ እንደዚያ ላለ እርከን ልቡን አልሰጠም።

በዚያው ዓመታት፣ በዚያው የሳቫና ምድር፣ ከማቻኮስ በስተ ደቡብ በታንጋኒካ ከዚህ የባሰ ነገር ተደረገ። የእንግሊዝ መንግሥት ለአገሩ የሚሆን ዘይት ለማግኘት በ1947 በኮንግዋ የኦቾሎኒ እርሻ ጀመረ፤ ዐሳቡ ከሦስት ሚሊዮን ኤከር በላይ መሬት መንጥሮ ማረስ ነበር። ቡልዶዘሩ ግራሩን ከነሥሩ ነቀለው፤ ሸክላማው አፈር ግን በበጋ ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ጠጠረና ማረሻውን ሰበረው፤ ዝናሙም ጐደለ። በጥር 1951 ሥራው ሲተው ከ36 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ጠፍቶ ነበር። በኮንግዋ ምድር ይኖሩ የነበሩት የጎጎ ሰዎች ዝናሙ አጭር መሆኑን ቢጠየቁ በነገሩ ነበር። ትልቅ ገንዘብና ትልቅ መኪና በአንድ ወቅት ያላስገኙትን ነገር በማቻኮስ መኰትኰቻ የያዙ ሴቶች በሠላሳ ዓመት አስገኙት፤ ይህን ማነጻጸር ግን ለኮንግዋ ይከብዳል፤ የጊዜውም ልክ የተለያየ ነው።

በማቻኮስ ነገሩ የተለወጠው በ1950ዎቹ ውስጥ ነው። በስዋሂሊ ቋንቋ ፋንያ ጁ የሚባል እርከን እየተለመደ ሄደ፤ ትርጓሜው «ወደ ላይ አድርግ» እንደ ማለት ነው። ቦዩ በኮረብታው አግድመት ይቈፈራል፤ አፈሩ ግን ወደ ታች መጣሉ ቀርቶ ወደ ላይ፣ ከቦዩ በላይ ባለው ጠርዝ ላይ ይወረወራል። አፈርን ወደ ላይ መወርወር ወደ ታች ከመጣል ይልቅ ያደክማል፤ ትርፉ ግን ብዙ ነው። ከማሳው ላይ ታጥቦ የሚወርደው አፈር ከክምሩ ጀርባ ይቆማል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዳገቱ ራሱን እያስተካከለ መደብ ይሆናል። በክምሩ ላይ ሣር ይተከላል፤ ሣሩም ክምሩን ይይዛል፤ ታጭዶም ለከብት ይሆናል። በቦዩ ውስጥ ውሃ ስለሚቆም በብዙ ስፍራ ሙዝ ይተከልበታል።

በዚያው ጊዜ ሁለት ነገሮች ረዱ። አንደኛው ቡና ነው። ለብዙ ዘመን ቡና መትከል ለኤውሮፓውያን ብቻ የተፈቀደ ነበር፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ለማቻኮስ አፍሪካውያን ገበሬዎች ሲፈቀድላቸው፣ ቡናው በእርከን ላይ እንዲተከልና ሥሩ በጉዝጓዝ እንዲሸፈን ታዘዘ። ትእዛዝ መሆኑ ያው ነው፤ የዚህ ትእዛዝ ልዩነቱ እርከኑን የሠራው ሰው ከቡናው ሽያጭ ድካሙን በእጁ መቍጠር መቻሉ ነው። የናይሮቢ ገበያ ቅርብ ነበርና አትክልትና ፍራፍሬም ተከተለ። ሁለተኛው ምዌትያ ነው። ምዌትያ በካምባ አገር ጎረቤት ለጎረቤት ተጠራርቶ የሚሠራበት፣ በእኛ ደቦ ወይም ጅጌ የምንለው ሥርዓት ነው። ሹማምንቱ የግዳጁን ሥራ ትተው ይህን የሕዝቡን ልማድ ሲይዙ፣ የሚሠሩት ሰዎች መሪያቸውን ራሳቸው መረጡ፤ ከመሪዎቹም ብዙዎች ሴቶች ነበሩ፤ ወንዶቹ ለሥራ ወደ ናይሮቢና ወደ ሞምባሳ ሄደው ነበርና። በየማሳው ተራ በተራ ስለሚሠራ፣ ለሌላው የደከመ ሰው የራሱም ማሳ እንደሚሠራለት ያውቃል።

በ1963 ኬንያ ነጻነቷን ስታገኝ፣ የግዳጅ ጊዜ ትዝታ ገና ትኩስ ስለ ነበር የእርከን ሥራ ለጥቂት ዓመታት ተቀዛቀዘ፤ በአንዳንድ ስፍራም የተሠራው ፈረሰ። ይሁን እንጂ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ባላገሩ ማንም ሳያዘው ተመልሶ ሠራ፤ የውጭ እርዳታ የመጣው አብዛኛው ሥራ ከተጀመረ በኋላ ነው። በካቱማኒ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ቶሎ የሚደርስ የበቆሎ ዘር በ1960ዎቹ ተገኘና በአጭሩ ዝናም እንኳ እህል ማግኘት ተቻለ። ከናይሮቢ በሚላክ ደመወዝ በሬና ማረሻ ተገዛ፤ ከቡናና ከአትክልት የተገኘው ገንዘብ ለልጆች ትምህርት ቤት ይከፈል ነበር፤ የተማረውም ልጅ ደመወዝ ሲያገኝ ተመልሶ ለማሳው ያወጣ ነበር።

ፍጉም ከበረት የወጣው በዚህ ጊዜ ነው። የሚያርፍ መሬት ከጠፋ ወዲህ ሌላ ምርጫ አልነበረም። በመስከረም፣ ዝናሙ ሳይመጣ፣ የበረቱ ክምር ይቈፈራል፤ በቅርጫት፣ በጋሪ ወይም በአህያ ወደ እርከኑ ይወሰዳል። የግጦሹ ሜዳ ወደ እርሻ ስለ ተለወጠ ከብቱ በቤት አጠገብ ታስሮ የሚበላበት ልማድ በዛ፤ ገለባውና ከእርከኑ ላይ የታጨደው ሣር ይቀርብለታል፤ እበቱም አይባክንም። በ1930ዎቹ የምድር ጠላት የተባለው ከብት በ1980ዎቹ የእርከኑ መጋቢ ሆነ። ቁጥሩም ጠፍቶ አልጠፋም፤ ከብቱ አለ፤ የተለወጠው አኗኗሩ ነው።

ሜሪ ቲፈን፣ ማይክል ሞርቲሞርና ፍራንሲስ ጊቹኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ታሪክ በ1994 በመጽሐፍ አወጡት፤ የመጽሐፉ ስም ሲተረጐም «ብዙ ሕዝብ፣ ያነሰ መሸርሸር» ይሆናል። በሒሳባቸውም ከ1930ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ፣ የአውራጃው የእርሻ ምርት ዋጋ በአንድ ካሬ ኪሎሜትር ዐሥር እጥፍ፣ በነፍስ ወከፍ ደግሞ ሦስት እጥፍ ያህል አድጓል። መጽሐፉ በብዙ አገር ተነበበ፤ ሕዝብ ሲበዛ ምድር መጥፋቱ የማይቀር ነው የሚለውን አሳብ የሚቃወሙ ሁሉ ያቀርቡታል።

ነገር ግን ከመጽሐፉ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ወደየቤቱ ገብተው ሲጠይቁ ሌላ ገጽ አዩ። ፍግ የሚያወጣው ከብት ያለው ሰው ነው። ደመወዝ የሚልክ ልጅ የሌለው፣ ከብቱን በድርቅ ዘመን የሸጠ ገበሬ እርከን አለው፤ በእርከኑ ላይ የሚጥለው ፍግ ግን የለውም። እርከን አፈርን ይይዛል፤ በአፈሩ ውስጥ የሌለውን ብስባሽ ግን አያመጣም። የእንዲህ ያለው ሰው ማሳ ከላይ ሲታይ ከጎረቤቱ አይለይም፤ አዝመራው ግን ዓመት ለዓመት ይቀንሳል። ፎቶግራፉ ይህን አያሳይም።

ባለ ከብቱም ቢሆን ሒሳቡ ቀላል አይደለም። ከበረት የሚወጣው ፍግ ከአፈር ጋር የተደባለቀ ነው፤ ፀሐይና ዝናም ደርሶበታል፤ ናይትሮጅኑ በከፊል ጠፍቷል። እንዲህ ያለው ፍግ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ካርቦን ነው ብንል፣ የአንድ ሄክታርን ካርቦን ከሺህ አንድ እጅ ብቻ ከፍ ለማድረግ፣ ምንም ሳይባክን፣ ከዐሥር ቶን የሚበልጥ ፍግ ያስፈልጋል። ይባክናል ደግሞ፤ ከሚጣለው ብዙውን በርች የጻፈው የመጀመሪያው ዝናም በጥቂት ዓመት ውስጥ ያቃጥለዋል። እንግዲህ የማቻኮስ ገበሬ በየዓመቱ ፍግ የሚያወጣው ብስባሹን ወደ ጥንቱ ለመመለስ ሳይሆን፣ ባለበት ለማቆየት ነው። ሣር ሆኖ የኖረው ምድር የነበረውን ያህል ካርቦን የታረሰው ማሳ እንደ ገና አላገኘም።

ፋንያ ጁ ከኬንያ ወደ ኢትዮጵያም መጥቷል። በ1980ዎቹ የአፈር ጥበቃ ሥራ በረኃብ በተጎዱ አውራጃዎች ሲስፋፋ፣ የእርሻ ባለሙያዎች ይህን እርከን ከነስዋሂሊ ስሙ አስተማሩት፤ በጎጃም በአንጀኒም ተሠርቶ ለብዙ ዓመት ተመዝኗል። በኢትዮጵያ ደጋ ግን በረቱ ሌላ ሥራ አለው። እንጨቱ ባለቀበት አገር እበቱ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆንና ወደ ምድጃ ይገባል፤ በአንዳንድ የሸዋ ደጋ ደግሞ ገበሬው የማሳውን አፈር ከምሮ በእሳት ያቃጥለውና፣ ጓይ ብሎ ገብስ ይዘራበታል፤ ከአንድ ሁለት አዝመራ በኋላ ማሳው ለብዙ ዓመት ያርፋል። የኮንሶ ሰዎች በድንጋይ እርከናቸው ላይ ፍጉንና የቤቱን ጥራጊ ሲያወጡ ኖረዋል፤ ሥራቸውም ማቻኮስ ከመታወቋ እጅግ ይቀድማል።

የቀድሞው የማቻኮስ አውራጃ በ1992 ተከፍሎ ማኩዌኒ የሚባለው ቆላው ክፍል ለብቻው ቆመ። እርከኑ በሁለቱም አለ። በመስከረም መጨረሻ፣ ደመናው ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል መነሣት ሲጀምር፣ ሴቶቹ በረቱን ይቈፍራሉ፤ አህያው ተጭኖ ወደ ማሳው ይወጣል፤ ክምሩም በየእርከኑ ላይ በትንንሹ ተደፍቶ ዝናሙን ይጠብቃል።